ክንዴን ያሰበረችኝ ኮምፒውተር

ክንዴን የሰበረው ሰው ከመምታቱ በፊት ፊቱን አላየሁትም። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ደግሞ የምትሽከረከር አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ቀለበት ነበረች።

የምሠራው ጎንደር ከተማ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ሲመጣ ስሙን፣ የአባቱን ስምና ቀበሌውን እጠይቃለሁ። ከዚህ በፊት ታክሞ ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጌ የካርድ ቁጥሩን አወጣለሁ፤ በቁጥሩ ማኅደሩን ከመደርደሪያ አውርጄ ወደ ውስጥ እሰደዋለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ኮምፒውተሯ ጤነኛ ብትሆን አንድ ሰው ለመሸኘት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የእኛዋ ግን ጤና ከራቃት ቆይቶ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ አንድ አይሱዙ በሩ ላይ ቆመ። አራት ሰዎች ከኋላው በቃሬዛ አንድ ሰው አወረዱ። ከኮላ ድባ ወዲህ ካለ ገጠር ነው የመጡት። ሰውየው ጭኑን በመጥረቢያ ተመትቷል። ነገሩ የድንበር እንደሆነ ኋላ ሰማሁ፤ ጎረቤቱ «አንድ ትልም ገፋህብኝ» ብሎ ነው የመታው። ጭኑን በጋቢ ጠምጥመውታል። ጋቢው ጠጥቶ ጠጥቶ መያዝ ሲያቅተው ደሙ በቃሬዛው ሸራ አልፎ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

ወንድሙ ክላሹን እንዳነገተ መስኮቴ ላይ መጣ። ጥበቃው መሣሪያ አስፈትቶ ማስገባት ነበረበት፤ ግን በዚህ ዘመን ማን ማንን ያስፈታል?

«እታለም፣ ቶሎ በይ፤ ሰውየው እያለቀብን ነው።»

«ከዚህ በፊት እዚህ ታክሟል?»

«አዎ፣ አምና ወባ ይዞት።»

«ካርዱን ይዛችኋል?»

«ደም ይፈሳል እያልኩሽ የምን ካርድ ነው የምትይኝ?»

ስሙን ጻፍኩና «ፈልግ» የሚለውን ተጫንኩ። ቀለበቷ መዞር ጀመረች።

ድንገተኛ ሕመምተኛ ካርድ ሳይጠብቅ እንዲገባ የሚያዝዝ ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ግን ከጥቂት ወራት በፊት ተቆጣጣሪዎች መጥተው «ያለ ካርድ የታከሙ ሰዎች በዝተዋል» ብለው ስለ ነበር፣ ኃላፊያችን ሰብስቦን «ከእንግዲህ ያለ ካርድ ዝንብ እንዳትገባ» ብሎናል። ከዚያ ወዲህ የውስጠኛውን በር የሚጠብቀው ሰው ከእኔ እጅ ቁራጭ ወረቀት ካላየ አይከፍትም። እኔም ቁጥር ካላገኘሁ ቁራጭ ወረቀት አልጽፍም። እስክሪብቶው ከእጄ አጠገብ፣ ወረቀቱም ከክርኔ ሥር ነበር።

«አንድ ጊዜ» አልኩት፣ ዓይኔን ሳላነሳ።

ስክሪኑ ነጣ። ፕሮግራሙ መልስ አልሰጥ አለ። ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት፤ ለመክፈት ብቻ አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። አብረዋቸው የመጡ ሴቶች «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ።

«ምነው? ምን እየጠበቅሽ ነው?»

«እየፈለገ ነው።»

«ማን ነው የሚፈልገው?»

«ኮምፒውተሩ።»

መጀመሪያ የመታው እሷን ነው። ሰደፉን በመስኮቱ አሳልፎ ስክሪኑ ላይ ሲያሳርፈው ስብርባሪው ፊቴ ላይ ተበተነ። ሁለተኛው ለጭንቅላቴ የታሰበ ነበር። ግራ ክንዴን አነሳሁ። ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ ጭራሮ ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ሕመሙ ወዲያው አልመጣም። መጀመሪያ የተሰማኝ መገረም ነበር፤ ክንዴ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጥፎ አየሁት። ከዚያ መጮህ ጀመርኩ። በጩኸቴ ሐኪሞቹ ወጡ፤ ጥበቃዎቹ ሰውየው ላይ ተረባረቡና መሬት ላይ ጥለው ረገጡት። ግማሾቹ እሱን ሲደበድቡ ግማሾቹ ቃሬዛውን አንሥተው ገቡ።

ቁስለኛው ካርድ ሳይኖረው ገባ። በሩ የተከፈተለት የእኔ ክንድ ተሰብሮ ነው።

ስለ ራሴም እውነቱን ልናገር። ያቺን ኮምፒውተር እኔም እመታት ነበር። በመዳፌ ጎኗን እጠፈጥፋታለሁ፤ በጫማዬ ጫፍ እረግጣታለሁ። አንድ ቀን ኪቦርዱን አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ ስፈጠፍጠው ሦስት ቁልፎች ተነቅለው በረሩ። ሰልፉ ሲረዝም ደግሞ ንዴቴ ወደ ሰው ይዞራል። የደም ግፊት መድኃኒት ለመውሰድ የመጡ አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ ተራዬ ደረሰ?» ብለው ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ «ዝም ብለው ይቀመጡ! አልሰሙም?» ብዬ ጮኽኩባቸው። እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ፤ በማግሥቱም አልመጡም። ሌላ ቀን ሁለት ጎልማሶች በተራ ተጣልተው፣ ገና የመጀመሪያውን ሰው ካርድ ስፈልግ አንደኛው የሌላውን ጥርስ ሲያራግፍ አየሁ። ጥርሱን ያጣው ሰው ራሱ መታከም ስላለበት ሰልፉ ላይ ተመለሰ። ያኔ ስቄ ነበር።

ክንዴን በትልቁ ሆስፒታል አስተካክለው በጀሶ አሰሩልኝ። በሦስተኛው ቀን ጥበቃው ሊጠይቀኝ ቤቴ መጥቶ፣ በመጥረቢያ የተመታው ሰው ወደዚያው ትልቁ ሆስፒታል ተልኮ እዚያ እንደ ሞተ ነገረኝ። ወንድሙ ግን ቀብሩ ላይ አልነበረም፤ በእኔ ምክንያት ታስሯል። ጥበቃው ከሄደ በኋላ ክንዴን አቅፌ ግድግዳውን ሳይ ዋልኩ። ማልቀስ ፈልጌ እንባ እምቢ አለኝ።

በሳምንቱ ታላቅ ወንድሜ ከዳባት ወረደ። ገበሬ ነው፤ ገብስና ባቄላ ያመርታል። ብዙ አይናገርም። ገብቶ ጀሶውን አየና ያለኝ አንድ ቃል ነው።

«ማነው?»

«አያ፣ ሰውየው ታስሯል።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ማነው?»

አልነገርኩትም። ከጥበቃው ጠይቆ ሰማ። ማታ መደብ ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን ፈታትቶ ሲወለውል አገኘሁት። እጁ አይቸኩልም ነበር፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። ብዙ ከሚፎክር ሰው ይልቅ ዝም ብሎ ጥይት የሚቆጥር ሰው ምን እንደሚያደርግ በልጅነቴ አይቻለሁ።

«የሰውየው ወንድም ሞቷል» አልኩት።

«የሞተው በአንቺ እጅ አይደለም። ያንቺ ክንድ ግን በእሱ እጅ ነው የተሰበረው።»

በመጨረሻ ያገኘሁት አንድ መሐላ ብቻ ነው። ጀሶው እስኪፈታ ድረስ ምንም ላያደርግ በአባታችን አጥንት ማለልኝ። «የተፈታ ቀን ግን ወደ አገራቸው እወርዳለሁ» አለ። ጀሶው ሊፈታ ሳምንታት ቀርተውት ነበር።

ቤት መቀመጥ ስላቃተኝ ክንዴን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሥራ ገባሁ። ስክሪኑ በሌላ አሮጌ ስክሪን ተተክቷል። ጠረጴዛው ሥር ያለችው ሲፒዩ ግን ያው ናት። አበራኋት። ቀለበቷ መዞር ስትጀምር ሰውነቴን በሙሉ ላብ አጠመቀው፤ የተሰበረው ቦታ ትር ትር አለ። ወደ ኃላፊው ገባሁ።

«ወይ እሷን አሠሩ፣ ወይ እኔን አሰናብቱኝ» አልኩት።

«አዲስ ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ፤ በውጊያው መንገዱ ተዘግቶ መድኃኒት እንኳ አልገባም» አለኝ። «የሚሠራ ሰው ካገኘሽ ግን አምጪ። ንብረት ከግቢ አይወጣም፤ እዚሁ መጥቶ ይሥራት።»

ኢንተርኔት ተቋርጧል፤ ስልኬ ላይ ገብቼ መፈለግ አልችልም። ፒያሳ ሄድኩ። ከአንድ የጣሊያን ዘመን ሕንፃ ደረጃ ሥር ስልክና ኮምፒውተር የምትጠግን፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት አለች። ቁጡ ናት ሲሉ እሰማለሁ። የሰው ስልክ ላይ አጎንብሳ አገኘኋት። የጤና ጣቢያችንን ኮምፒውተር መጥታ እንድትሠራልኝ ጠየቅኳት።

«ሚሞሪዋ ስንት ነው?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«እኔ እንጃ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«እሱንም አላውቅም። እኔ ስቀጠር ነበረች።»

«ታዲያ ምን ታውቂያለሽ?»

«መዘግየቷን።»

ያን ጊዜ ቀና ብላ ጀሶውን አየችው። «እሱስ?»

ነገርኳት። እስክጨርስ ድረስ ካቻቪቴዋን አላስቀመጠችም። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ» አለች።

በማግሥቱ በሰዓቷ መጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ወንበሬ ላይ ተቀመጠችና ሦስት ቁልፎች ባንድ ላይ ተጫነች። የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚዘረዝር መስኮት ወጣ። እዚህ ወንበር ላይ ዓመታት ስቀመጥ እንዲህ ያለ መስኮት መኖሩን አላውቅም ነበር።

«ነይ እዪ። ሚሞሪዋ ዘጠና ሰባት በመቶ ተይዟል። ገና ምንም ሳትከፍቺ! ዲስኩን ደግሞ እዪው፣ መቶ። ያላት ሁለት ጊጋ ብቻ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

ዙሪያዋን አየች። «ሚሞሪ ማለት ይኼ ጠረጴዛሽ ነው። ሃርድ ዲስኩ ያ መደርደሪያሽ ነው። ጠረጴዛሽ ሁለት ማኅደር ብቻ የሚችል ከሆነ፣ ሦስተኛውን ለማየት አንዱን መልሰሽ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አለብሽ። አራተኛውን ስትፈልጊ ሌላውን። ቀኑን ሙሉ ስትመላለሺ ትውያለሽ። ይቺም እየሠራች አይደለችም፤ እየተመላለሰች ነው። አንቺ ደግሞ ትመቻታለሽ። አይደል? ጎኗ ላይ የእግርሽን ምልክት አይቻለሁ።»

አፈርኩ።

ዝርዝሩን እየወረደች አንድ በአንድ አሳየችኝ። ሁለት የቫይረስ መከላከያ ተጭኖባታል፤ አንዱ አንዱን እንደ ሌባ ሲከታተል ሁለቱም ሚሞሪውን ይበሉታል። ከዓመታት በፊት ተበላሽቶ የተጣለ ፕሪንተር ፕሮግራም ኮምፒውተሯ በበራች ቁጥር አብሮ ይነሣል። ተረኞች ከፍተው የተዉት የፊልም ማጫወቻ አለ። ዲስኩ ደግሞ በፍላሽ በተገለበጠ የሠርግ ቪዲዮ ታፍኗል፤ የማን ሠርግ እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ የለም። አንዱን መከላከያ አነሣችው። አብረው የሚነሡትን ዘጋቻቸው። ቪዲዮውን ልታጠፋ እጇን ስታነሣ የመጀመሪያው ተኩስ ተሰማ።

መጀመሪያ ሩቅ ነበር፤ ከኮረብታው በኩል። ተያየን። ከዚያ ቀረበ። ሰልፍ ላይ የነበረው ሰው እንደ ውኃ ፈሰሰ፤ የሚሮጠው ሮጠ፣ የቀረው ኮሪደሩ ውስጥ ተነጠፈ። እኛ በሩን ዘግተን ጠረጴዛው ሥር ገባን። ከባድ መሣሪያ ሲጮህ መስኮቱ ይንዘፈዘፋል። ከዚያ ከጭንቅላታችን በላይ ቆርቆሮው «ጧ!» አለ፤ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ማኅደሮች ተበጣጥሰው ወረቀቱ እላያችን ላይ ወረደ። ጥይቱ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀረ። እንግዳዬ ወረቀቱን ከፀጉሯ አራገፈች።

«ልጆች አሉኝ» አለችኝ። «ሁለት። ትምህርት ቤት ናቸው።»

ስልክ ሞከረች፤ አይሠራም። ሌላ ጊዜ ሞከረች። ስልኩን ወለሉ ላይ ወረወረችውና ትንሽ ቆይታ ኪቦርዱን ከጠረጴዛው ላይ ጎተተችው። መብራት አልጠፋም ነበር። ስክሪኑንም አውርደን ወለሉ ላይ አኖርነው። «እጄ ሥራ ካልያዘ አብዳለሁ» አለች። በሆዳችን እንደ ተኛን የሠርጉን ቪዲዮ አጠፋችው፤ ኮምፒውተሯንም አጥፍታ አበራቻት። ሚሞሪው ወደ ሰባ ወረደ። ፕሮግራሙን ስንከፍተው ግን አሁንም ተንፏቀቀ።

«ሁለት ጊጋ አይበቃትም» አለች። ገመዱን ነቅላ ሲፒዩዋን በጎን አስተኛችና ከፈተቻት። ውስጧ በአቧራ ተሞልቷል። ጣት የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ በካቻቪቴዋ ጫፍ አሳየችኝ። «ሚሞሪዋ ይቺ ናት። አጠገቧ ያለውን ክፍተት አየሽው? ባዶ ነው። ከተሠራች ጀምሮ ባዶውን ነው የኖረው።»

«ዕቃ ግምጃ ቤት ሁለት የሞቱ ኮምፒውተሮች አሉ» አልኳት።

«ታዲያ ምን ይጠቅመናል፣ አሁን ማን ይወጣል?»

ዕቃ ግምጃ ቤቱ ከግቢው ወዲያ ማዶ ነው፤ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ለምን እንደወጣሁ ዛሬም በደንብ ማስረዳት አልችልም። ጀግንነት አልነበረም። ንዴት ነው። ክንዴ ይጠዘጥዛል፤ ወንድሜ ቤቴ ተቀምጦ ቀን ይቆጥራል፤ የሞተው ሰው ደም የጠጣው ሲሚንቶ ፊት ለፊቴ ነው፤ ከላይ ደግሞ የማላውቀው ሰው ይተኩስብኛል። አንድ ነገር ሄጄ መንቀል ፈለግሁ። ተኩሱ ትንሽ ሲበርድ ተነሣሁ። «አበድሽ?» ብላ ቀሚሴን ያዘችው፤ አስለቀቅኳት። ያን ጊዜ እያለቀሰች ነገረችኝ። «በሁለቱም ጫፍ ያለውን መያዣ ወደ ውጭ ግፊው፤ ብቻዋን ትነሣለች። ወርቃማውን ጥርስ በጣትሽ እንዳትነኪው!»

ጎንበስ ብዬ ሮጥኩ። ጥበቃው ከውኃው ታንከር ኋላ ተጋድሞ «ተመለሺ! ተመለሺ!» ይለኛል። ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ላይ አንድ የጋሪ ፈረስ ተመትቶ ወድቋል። ከነጋሪው ነው የወደቀው፤ ሊነሣ ሲሞክር ጋሪው መልሶ ይጥለዋል። ባለቤቱ የለም። ፈረስ ሲጮህ እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ግምጃ ቤቱ ገብቼ በቀኝ እጄ የሞቱትን ኮምፒውተሮች ክዳን እንደ ምንም ከፍቼ ከእያንዳንዳቸው አንዳንድ ሰሌዳ ነቀልኩ፤ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ተመለስኩ። ስመለስ ፈረሱ ዝም ብሎ ነበር።

የመጀመሪያው ሰሌዳ አልገባም፤ ሥሩ ላይ ያለው የተቆረጠ ክፍተት ቦታው ሌላ ነው። «ይኼ የድሮው ዓይነት ነው» ብላ ወረወረችው። ሁለተኛው ገጠመ። ሲበራ ግን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረና ሲፒዩዋ «ቲጥ፣ ቲጥ፣ ቲጥ» አለች። ከላያችን ተኩስ፣ ከሥራችን እሱ። ነቀለችው። ከመሳቢያዬ ላጲስ አውጪ አለችኝና ወርቃማውን ጥርስ እንደ ሕፃን ጥርስ ቀስ አድርጋ አጸዳችው። መልሳ ስትጫነው ሁለቱም ጫፍ «ቀጭ» አለ። አበራነው። አራት ጊጋ፤ ሚሞሪው ገና ከግማሽ በታች። ፕሮግራሙን ከፈትኩ፤ ወዲያው ተከፈተ። የራሴን ስም ጻፍኩና ተጫንኩ። ቀለበቷ ሳትታይ ስሜ ወጣ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እንግዳዬ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጓደኛዬ የሆነችው፣ በእንባ መካከል ፈገግ አለች። እኔ ግን ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት፤ ደጋግሜ መታሁት። ጣት የምታህል ነገር ናት! ከወንበሬ ሠላሳ እርምጃ ርቃ፣ ተዘግቶባት፣ አቧራ ስትጠጣ ነው የኖረችው። ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም። ጓደኛዬ እጄን ይዛ እስክበርድ አልለቀቀችኝም።

ከሰዓት በኋላ ተኩሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ፤ ቁስለኛም መምጣት ጀመረ። በባጃጅ፣ በበር ሳንቃ፣ በሰው ጀርባ። መጀመሪያ የገባችው ሆዷን በሁለት እጇ የያዘች ሴት ናት። መስኮቴ ላይ ስትደርስ መብራቱ ጠፋ። አራት ጊጋችንም አብሮ ጠፋ።

ተነሥቼ ወደ ውስጠኛው በር ሄድኩ። በረኛው «ካርድስ?» አለኝ ከልማዱ።

«ክፈት!» አልኩት። ከዚህ በፊት በማንም ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «ክፈትና እንደተከፈተ ይቆይ! ቁጥሩን እኔ ከኋላ እሰጣቸዋለሁ።»

የተማሪ ደብተር ይዤ ከቃሬዛ ቃሬዛ ዞርኩ። ጓደኛዬ ትጽፋለች፤ እኔ ስም እጠይቃለሁ፤ መናገር የማይችለውን በልብሱ ቀለም እንመዘግባለን። ደም ደብተሩ ላይ ይንጠባጠባል፤ ገጽ እንገልጣለን። ከእነዚያ ውስጥ የሞቱም የዳኑም አሉ። አመሻሽ ላይ አንዲት መምህርት የጓደኛዬን ሁለት ልጆች በግድግዳ ግድግዳ እየመራች አደረሰቻቸው። እናታቸው መጀመሪያ ያደረገችው ታላቅየውን በጥፊ መምታት ነበር። ከዚያ ሁለቱንም አቅፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ጀሶዬ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው ሽማግሌዎች መጡ። ክንዴን የሰበረው ሰው በዋስ ተለቅቆ ነበር። ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ ይዞ፣ ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ በግንባሩ ተደፋ። ፊቱን በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የገመትኩትን ያህል ትልቅ ሰው አልነበረም። ወንድሜ ከበሩ ጎን ቆሟል፤ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው።

«ድንጋዩን አውርድ በይው፣ ልጄ» አሉኝ ቄሱ።

ከመናገሬ በፊት ሰውየው ራሱ ቀና አለ። «አንድ ነገር ልጠይቃት» አለ። «እናታችን ትጠይቀኛለች። ያን ቀን ያቺ ኮምፒውተር የምትሏት ማኪና ባትዘገይ ወንድሜ ይተርፍ ነበር?»

ይህንኑ እኔም የጤና መኮንኑን ጠይቄው ነበር። «እንዲህ ያለውን ቁስለኛ የሚገድለው ደቂቃ ነው። ቀድሞ ቢገባስ? አላውቅም፤ አትጠይቂኝ» ነው ያለኝ። ሽማግሌዎቹ በዓይናቸው «አይተርፍም ነበር በይው» ይሉኛል። እንደዚያ ብል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

«አላውቅም» አልኩት። «ማኪናዋ ግን ብቻዋን አይደለችም። ወረቀት ነበረኝ። በእጄ ጽፌ ላስገባው እችል ነበር። ቀና ብዬ ደሙን አላየሁም።»

ድንጋዩ ከማጅራቱ ወደቀ። ተነሥቶ ወደ እኔ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ቡጢው ተጨብጧል። የወንድሜ ጠመንጃ ከትከሻው ወርዶ ሲቀባበል ሰማሁ። ቄሱ መስቀላቸውን ዘርግተው በሁለቱ መካከል ገቡ። አጭር ሰው ናቸው፤ አፈሙዙ ግንባራቸው ላይ ነው የደረሰው።

«በእኔ አልፋችሁ ነው የምትጋደሉት» አሉ። «እንግዲያውስ ተኩስ!»

ሰውየው ቆሞ ቆሞ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሴት ጮኾ አለቀሰ። ወንድሙን ከቀበሩ ወዲህ መጀመሪያ ያለቀሰው ያኔ ይመስለኛል። ለረጅም ጊዜ አለቀሰ። ወንድሜ አፈሙዙን ወደ መሬት አወረደ። ጥይቱን አውጥቶ ኪሱ ከተተ።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ እኔ። «አንተስ?»

ሰውየው እንባውን ጠርጎ መለሰልኝ። «አንቺን ይቅር ለእግዜር ብያለሁ። አንቺን።»

ቄሱ ያን ሁለተኛውን «አንቺን» ሰምተው ፊታቸው ጠቆረ። እኛ ቤት ጠላ ቀርቦ፣ ሰውየውና ወንድሜ ባንድ ጽዋ ጠጥተው ተለያዩ። ወንድሜ በማግሥቱ ዳባት ወጣ። ስንለያይ «እውነቱን ባትነግሪው ምን ነበረበት?» አለኝ። ተቆጥቶ አልነበረም።

ሁለት ወር ሳይሞላ ከዚያው ገጠር የመጣች ነፍሰ ጡር ካርድ ስታወጣ ነገረችኝ። ክንዴን የሰበረው ሰው ወንድሙን በመጥረቢያ የመታውን ጎረቤት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጠብቆ ገደለው፤ ከዚያም ጫካ ገባ። የሟች ልጆች እሱን ፍለጋ ላይ ናቸው። ነገሩን ስትነግረኝ ድምፅዋ እንደ ወትሮ ወሬ ነበር። ስሟን ጻፍኩ፤ ቁጥሯ ወዲያው ወጣ። ማኅደሯን አውርጄ ሰጠኋት፤ አመሰገነችኝና ገባች። ከኋላዋ የነበረው ሰው «እታለም፣ ተራዬ ነው» እስኪለኝ ድረስ እጄ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ቆሜ ነበር።